ከሲቀላ ወደ ሴቻ በግማሽ ሊትር

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ከት/ቤት ገባሁ። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ እጄ ጠመኔ በጠመኔ ነው። ከታች ከሲቀላ እስከ ሰፈራችን ሴቻ ሚኒባስ ውስጥ የሙዝ ዘለላ ታቅፌ መጣሁ። የኔ አይደለም፤ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ያዢልኝ አለችኝ፣ ያዝኩላት። ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነበር። መኪና እየመረጥኩ። የሚያልፈውን ሁሉ የኔ አደርገዋለሁ። ነጯ ትሆነኛለች። ሰማያዊዋ ሰፊ ናት። ያቺ ደግሞ ጭስ ታበዛለች፣ ትቅርብኝ። ደብተሬ፣ በዚህ ሳምንት ብቻ ስንት መኪና እንደገዛሁ ብታውቂ።

አባባ በረንዳው ላይ ነው፣ ፊቱን ወደ ሽፈራው ዛፏ አዙሮ። ግራ እግሩ አልታዘዝ ካለው ዓመት አለፈው። ዕድሜውን ሙሉ ጫሞ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው፣ አሁን ሐይቁን የሚያየው በኔ ወሬ ነው። ሚኒባስ ላይ መውጣት አይችልም። ባጃጅ ውስጥ እግሩ አይታጠፍለትም። አንዴ ኮንትራት መኪና ይዤ ወሰድኩት። ውሃው ዳር ተቀመጠ፤ ሰዓቱ ደርሶ እንሂድ ስለው አልነሳም አለ። ሾፌሩ ክላክስ እያደረገ፣ እኔ እየለመንኩ። ዳግመኛ እንዲያ አልፈልግም።

የምፈልገው በየቀኑ ነው። ከት/ቤት ስመለስ እሱን ይዤ መውረድ። ያለ ጉዳይ፣ ዝም ብሎ። ለዚህ ነው ቤንዚን የማትበላ አሮጌ መኪና የማስሰው። የምትበላዋን ብገዛማ አውቀዋለሁ፤ አንድ ሰሞን እንንሸራሸራለን፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ይሰፍርባታል። አባባም ተመልሶ በረንዳው ላይ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6፣ ምሽት 12 ሰዓት

አገኘኋት! አገኘኋት መሰለኝ።

ደላላው መሰለ ከሰዓት በኋላ ግራጫ ዲኤክስ ይዞ ሴቻ ድረስ መጣ። ባለ አራት በር፣ ወንበሯ የለሰለሰ። የቤንዚን አበላሏን እፈትንልሻለሁ፣ ቲቸር፣ አለኝ። ፈተናው ቀላል ነው። የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ ሊትር ቤንዚን ይሞላል። ከታንከሩ የሚመጣው ቱቦ ተነቅሎ ጠርሙሱ ይቀጠላል። ሞተሩ ከጠርሙሱ ብቻ ይጠጣል፤ የጎደለውን ማየት ነው። መሰለ ያዘ፣ እኔ ከጎኑ።

ወደ ሲቀላ ወረድን። እንዴት ልንገርሽ። የምትንሳፈፍ ነው የሚመስለው። ዝም ያለች መኪና። የወፎቹ ድምፅ ይሰማል። መንገድ ዳር የሚሄዱት ሴቶች ሲሳሳቁ ይሰማል። ጠመዝማዛው ላይ ጫሞ በዛፎቹ መሃል ብቅ አለ፣ ፀሐይ ተኝታበት። ከዚያ በኋላ መሰለ ያወራውን አላስታውስም። አባባን አጠገቤ አስቀምጫለሁ፣ መስኮቱ ተከፍቷል፣ የውሃው ሽታ ይመጣል...

ሲቀላ ስንደርስ ኮፈኑን ከፍቶ ጠርሙሱን አሳየኝ። ምን ተነካና! ይቺ ሽታውን ብቻ ነው የምትፈልገው አለ። ቅዳሜ እንዋዋል አልኩት።

ለአባባ ነገርኩት። ቀለሟን ጠየቀኝ። ግራጫ ስለው ጥሩ ነው አለ፣ የውሃ ቀለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7፣ ረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል

አፍሬያለሁ። በችኮላ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ረፍዶብኝ በባጃጅ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ጸጥታ። ወፎች። መንገድ ዳር ሴቶች ሲያወሩ። ያው የትናንቱ ጸጥታ። ራሴን ያዝኩ። መሰለ ከሴቻ እስከ ሲቀላ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጎ ለቋት ነበር! ታዲያ ምን ብላ ቤንዚን ትጠጣ? እዚያ ቁልቁለት ላይ በርሜልም ቢለቁት ሲቀላ ይደርሳል።

እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፣ ደብተሬ። ማክሰኞ ዕለት ለ9ኛ ሐ ዳገትና ቁልቁለት በካርታ ላይ እንዴት እንደሚለይ ቦርድ ሙሉ ስዬ አሳይቻለሁ። ለራሴ ግን ሐይቅ ካሳዩኝ በቃኝ።

ደወልኩለት። አልካደም እኮ! ከሴቻ ሲወረድ ፎሌ ያልለቀቀ ማን አለ፣ አንቺም ትለቂያለሽ አለኝ። ውሸት አይደለም። የሚያናድደውም ይኸው ነው። እንግዲያው ዳገቱን እንውጣ አልኩት። ደወሉ ተደወለ፣ ልሂድ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

አባባ ካልሄድኩ አለ። የዲኤክሷ በር ጠባብ ነው፤ እግሩን ለማስገባት እኔና መሰለ ታገልን። መሰለ እየነዳ በታንከሩ ቤንዚን ወረድን። ሲቀላ ላይ ጠርሙሱን ሞላን፣ ወደ ላይ አዞርን። አሁን ድምፅ አላት። ታቃስታለች። ጠመዝማዛው ላይ ተንተባተበች፣ ቆመች። ጠርሙሱ ባዶ።

መሰለ ቱቦውን ሊመልስ ኮፈኑ ሥር ገባ። ካንዴላው ነው ይላል። ሙቀቱ ነው ይላል። ኋላም የሰው ብዛት ነው አለ፤ ከሱ ጋር ሦስት ነን። እኔ ልናደድ ስዘጋጅ አባባን አየሁት።

ጫሞ ከፊቱ ተዘርግቷል። አንገቱን አስግጎ ያያል። እጁን አንስቶ ጀልባ ያስርበት የነበረውን ዳርቻ አሳየኝ፤ እኔ ምንም አልታየኝም፣ አዎ አልኩ። ለሱ ብዬ ሆን ብዬ ያስቆምኳት መስሎታል። ጎሽ፣ ጥሩ ቦታ አስቆምሽልኝ አለኝ።

እውነቱን አልነገርኩትም። ዓይኔን ጠራረግኩ፣ አቧራ ነው አልኩ። መኪናዋን አልገዛም። ታዲያ ከዚህ ወዲያ በምን ላምጣው?

ሰኞ፣ ኅዳር 11፣ ምሽት

ጋሽ ከድር፣ ሲቀላ ጨርቅ የሚሸጡት፣ መኪና መፈለጌን ሰምተዋል። ድሮ ልጆቻቸውን ት/ቤት ያመላለሱባት ስታርሌት አለቻቸው። ልጆቹ አድገው ሄደዋል። ሄጄ አየኋት። ማየትስ ባይኖር። ቀይ የነበረች፣ አሁን ጣሪያዋ የተላጠ። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ተቀዷል፤ ስትነሳ ገበያው ዞሮ ያያል። ሕልሜ ውስጥ እንዲህ ያለች መኪና ገብታ አታውቅም።

ግን ባለ ሁለት በር ናት። በሯ ረጅም፣ ወለል ብሎ የሚከፈት። የአባባ እግር ትዝ አለኝ።

ጎረቤታቸው መካኒክ ጠርሙሱን ቀጠለልኝ። ራሴ ያዝኩ። እየጮኸች ዳገቱን ያዘች፣ ጠመዝማዛውን አለፈች፣ በራችን ላይ አደረሰችኝ። ጠርሙሱ ውስጥ ገና አለ! አብረውኝ የወጡት ጋሽ ከድር ቁልፉን ልመልስ ስል አልቀበልም አሉኝ። ልጄ፣ አባትሽ ይቀመጡባትና ይዩዋት፣ ከዚያ እንነጋገራለን አሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

አባባን ይዤ ወርጄ ተመለስኩ። እግሩ እንደተዘረጋ ገባ። ጩኸቷን ሰምቶ እንደ ልጅ ሳቀ። ስንመለስ ዳገቱን እየነዳሁ፣ በውስጤ እየኮራሁ፣ ጠመዝማዛውን አለፍኩ። አባባ ዞሮ ወደ ኋላ አየ። ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፦

«መኪናው ለምን አልቆመም?»

እኔ ደግሞ ሳቅሁ። ይቺ አትቆምም አባባ፣ ለዚህ እኮ ነው የመረጥኳት አልኩት። እጁን ጭኑ ላይ አጣጠፈ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የቅዳሜውን ቦታ ነው የፈለገው።

አዞርኩ። ጠመዝማዛው ላይ ጥግ ያዝኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ። ጩኸቷ ሲያቆም ወፎቹ ተሰሙ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጥን። ቆማ ምን ትጠጣለች?

ስታርሌቷን እገዛለሁ። ነገ ከጋሽ ከድር ጋር እዋዋላለሁ። ስንወርድም ስንወጣም እዚያ እናቆማለን፣ በየቀኑ፣ ደግሞ

አባባ በዱላው በሩን እያንኳኳ ነው። ገና አሁን ገብተን! እንሂድ እያለ ነው። ቁልፉን የት አደረግ