የዳርቱ ሰባት ደቂቃ

ጥቅምት 12

ጠዋት ጉም ነበር። እንጦጦ የለም... ማን ወሰደው? «አካኮ» የምትለኝ የልጅ ልጄ ዳርቱ ዛሬም የኮተቤ ታክሲ አመለጣት። የአዲሱ ሥራዋ የሙከራ ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት! ፊቷን ስትታጠብ የእጅ ሰዓቷን ሰባት ደቂቃ አስቀደምኩላት። ማን አየኝ? ድመቷ ብቻ። እሷ ደግሞ አታወራም።

ጥቅምት 14

«አካኮ፣ ታክሲው ዘንድሮ ሰነፈ እንዴ? ሁለት ቀን ሙሉ እየቀደምኩት ነው።»
«አንቺ ጎብዘሽ ነው እንጂ!» ሳቄን በጋቢዬ ሸፈንኩ።

ጥቅምት 19

እያለቀሰች መጣች። መሥሪያ ቤቷ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨር የሚሉት የዋናው ኮምፒውተር ሰዓት ተዛባ፤ በእጇ ሞላችው። የኮተቤዎቹ ሰርቨሮች ሰዓት የሚቀዱት ከእሱ ነው አሉ። አያት ሰፈር ባለው ቅርንጫፍ ያለው ግን በራሱ፣ ከኢንተርኔት። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያዩ አይተማመኑም። ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ቢጽፍ፣ ቢጽፍ... «አላውቅህም»። ግማሽ ቀን ሥራ ቆመ።

«በስንት ተለያዩ?»
«በሰባት ደቂቃ!»
«ከምን አይተሽ ሞላሽው?»
«ከእጅ ሰዓቴ። እዚያ ክፍል ስልክ አይገባም። ነገ አለቃዬ አቶ ሕሩይ ያባርሩኛል፣ አካኮ።»

ልንገራት? ሳልነግራት ወደ አልጋዬ ሄድኩ። ይሄን ሁሉ ሽበት ይዤ!

ጥቅምት 20

ሕልም አየሁ። ሰዓት ከእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ እንደ ምንጭ ፈልቆ ወደ ከተማው ይወርዳል፣ ቀስ እያለ... እኔ መሀል ተቀምጬ በጣቴ እደፍነዋለሁ።

ሲነጋ ከዘራዬን ይዤ ኮተቤ፣ መሥሪያ ቤቷ ሄድኩ።
«አቶ ሕሩይ፣ ሌባው እኔ ነኝ።»
«ምን ሰረቁ አባባ?»
«ሰባት ደቂቃ።» የእጅ ሰዓቷን እንዳስቀደምኩ ተናዘዝኩ።

የዳርቱ ዓይን ፈጠጠ። ሰውየው ሳቁ፤ መልሰው ኮስተር አሉ። «ዋናው ሰርቨር ለምን የእጅ ሰዓት ያምናል? ይህን ለማስተካከል አምስት ቀን አለሽ፣ ዳርቱ። ከዚያ እናያለን።»

መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም።

ጥቅምት 25

ጨረሰች! አሁን ዋናው ሰርቨር ብቻ ኢንተርኔት ላይ ያሉ አራት ሰዓቶችን ይጠይቃል፤ የአያት ቅርንጫፉም የኮተቤዎቹም እሱን ይጠይቃሉ። አንዱ ቢዋሽ ሦስቱ ያጋልጡታል አለች። «ለቤታችንም ሦስት አካኮ ይጨመርልን።» አናገረችኝ... ቋሚ የሆነችበትን ደብዳቤም አሳየችኝ።

ኅዳር 1

ራጉኤል። ሰዓቴን ባይ ረፍዷል፤ አቀበቱን እያለከለክሁ ወጣሁ። ቅዳሴ አልተጀመረም። ዘበኛውን ሰዓት ጠየቅሁት... ሰባት ደቂቃ ቀድሜያለሁ! የኔን ሰዓት ማን ነካት? ድመቷን መጠየቅ ነው።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ በባሕር ዛፉ መሀል ያልፋል። ከሥር ከተማው የለም፣ ታክሲው የለም፣ የሚቸኩል የለም... እንዲህ ያለ ሰባት ደቂቃ መቼ አግኝቼ አውቃለሁ?

ሰዓቷን አላስተካከልኳትም።