የጠዋት ፀሐይ ለሕፃኗ

ጂንካ፣ ኅዳር 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለአረጋሽ፣

አዲስ አበባ ከነቤተሰብሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብቻ አባትሽ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል። ደብዳቤሽን ራሴው ደጋግሜ አነበብኩት።

ትናንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ጤና ረዳቱ ደምሰው እናቶችን ሲያስተምር፣ «የሰው ዓይን ፈርታችሁ ልጅ ጨለማ ቤት አትደብቁ። ፀሐይ ያላገኘ ልጅ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል» አለ። ጎረቤታችን መኪያ፣ «አንተማ የሚታይ ልጅ የለህ፣ ምን ትፈራለህ!» ስትለው ሁሉም ሳቁ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። አንቺን ዓመት ሙሉ ከጓዳ ያላወጣሁሽ ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞችሽ በሰው ዓይን ሞቱብኝ ብዬ ነበር። ትምህርት ቤት «ቆልማማ» ብለውሽ እያለቀስሽ ስትመጪ፣ «የአምላክ ሥራ ነው» እልሽ ነበር።

ልጅሽ ዓመት ከመንፈቅ ሆናት አይደል? መዳኋን እንጂ መቆሟን አልጻፍሽልኝም። የተከራያችሁት ክፍል መስኮት አለው? ጠዋት ጠዋት ልብሷን አውልቀሽ ደጅ አስቀምጫት፤ ያየም ይያት።

ፎቶ ስታስነሺልኝ ቆማ ይሁን። ቀሚሷም አጭር ይሁን።

በያላችሁበት የአምላክ ጥላ አይለያችሁ።

እናትሽ ኤልሳቤጥ