አንድ ፍልጥ ሲጎድል፦ ለተቆለፈው አዳራሻችን ኃላፊ

ለአካባቢያችን የሕዝብ አዳራሾች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ከአዳራሹ አጥር ማዶ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ማሞቂያም በመልካም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ልባዊ ምኞቴን አስቀድማለሁ። ስለ ማሞቂያው ጤንነት እንኳ ብዙም አልሰጋም፤ በአጥሩ በኩል ሳልፍ ጸሐፊዎ በዚህ ብርድ እጀ ጉርድ ሸሚዝ ለብሳ ስትመላለስ በመስኮቱ አይቼ ተጽናንቻለሁ። የእኔን የጠየቁ እንደ ሆነ፣ ዝናቡ፣ ጭጋጉ፣ ጭቃውና እንቅልፍ የነሣኝ ጭንቀት ካልተቆጠሩ ደኅና ነኝ።

በዚህ መንደር ትምህርት ቤት ሰዋስው ሳስተምር አርጅቼ በጡረታ የተሰናበትሁ ሰው ነኝ። ጉዳዬን በግልጽ ደብዳቤ ማቅረቤ በድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ ቀደም ሲል በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ምናልባት መቀስ ጠፍቶ ሳይከፈቱ ቀርተው ይሆናል ብዬ ስለ ሰጋሁ፣ ይህኛው ለማንም ድካም እንዳይሆን ክፍቱን በአዳራሹ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። በሩም ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ ስለ ቆየ፣ ይህችን አገልግሎት በማግኘቱ ደስ ሳይለው አልቀረም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም አዳራሹን እንዲከፍቱልን ነው። ልመናው ይህን ያህል አጭር ሆኖ ሳለ ደብዳቤው የረዘመው ምስጋናዬ ብዙ ስለ ሆነ ነው፤ ስለዚህ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ. ስለ ማስታወቂያዎ አመሰግናለሁ። «አዳራሹ ለደኅንነት ሲባል ላልተወሰነ ጊዜ ተዘግተዋል» ተብሎ በሩ ላይ የተጻፈውን ባነበብሁ ጊዜ፣ አባቶቻችን በጫንቃቸው ድንጋይ ተሸክመው የሠሩት፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ አግዳሚ ወንበሩ አንድ እግሩ ያጠረ ቤት፣ በስተርጅናው «አንቱ» የሚለው ባለሥልጣን በማግኘቱ ዐይኔ እንባ አቀረረ። ከደጁ ቆመን የምንበሰብሰውን እኛን ግን እስከ ዛሬ «እናንተስ?» ብሎ የጠየቀን የለም።

፪ኛ. ስለ ላኩልን ባለሙያ አመሰግናለሁ። ወጣቱ ጨዋ ነው፤ ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው። አዳራሹ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ፣ በየቅዳሜው የሚሰበሰቡት ቡድኖች ምን ውጤት እንዳስመዘገቡ ጠየቀን። የዘፈን ቡድኑ ማን ይጀምር በሚል ክርክር አንድ ዘፈን ጨርሶ አያውቅም። የዳማ ተጫዋቾቹ ከመጫወት ይልቅ መካሰስ ይቀናቸዋል። ሹራብ ሠሪዎቹ አንዱን እጅጌ ሠርተው ሌላውን ለከርሞ ያሳድራሉ። በእኔ የሚመራው የንባብ ቡድንም፣ የኅትመት ስሕተት በየገጹ እያስቆመኝ፣ የያዘውን መጽሐፍ ሳያጋምስ ክረምት ከክረምት ይገጥምበታል። ስለዚህ ሁላችንም ዐይናችንን ወደ ምድጃው መለስን። በመጨረሻ ታላቅ እህቴ፣ ልብስ ሰፊ ስለ ነበረችና ምላሷም ስለሚወጋ መንደሩ «መርፌ» ብሎ የሚጠራት፣ ከሹራቧ ቀና ብላ፣ «ምን እንሠራለን ብለህ ነው ልጄ፣ ተሰብስበን እንጨት እናቃጥላለን እንጂ» አለችው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባለሙያዎ ግን ሳይስቅ ጻፈው።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም መሆኑን አልክድም። የመንደራችን ሰው አንጀቱ ውስጥ ያለውን ነገር በእንግዳ ፊት ማጣጣል ልማዱ ነው፤ ወተቷ የተትረፈረፈውን ላም «ይህች አጥንት» ይላል፤ ቁም ነገረኛ ልጁን «ይህ የማይረባ» ብሎ ያስተዋውቃል፤ ሰሚውም የመንደሩ ሰው ነውና ነገሩን ገልብጦ ይረዳዋል። ባለሙያዎ ግን እንደ ተነገረው ወሰደውና፣ የቡድኖቹ ዋና ተግባር ቁጥጥር የሌለው እንጨት ማቃጠል መሆኑን ሪፖርት አደረገ። እርስዎም ውለው ሳያድሩ አዘጉት። ለዚህ ቅልጥፍና ያለኝን አድናቆት የምገልጽበት ቃል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቃላት ሳስተምር ኖሬ፣ አላገኘሁም።

፫ኛ. ስለዚያ እንጨት እስከ ዛሬ ማንም ስላልነገርዎ፣ እርስዎም ስላልጠየቁ፣ ሁለታችንንም ከድካም ያሳረፈንን ዝምታ አመስግኜ አሁን ልንገርዎ። በክረምት ወራት እያንዳንዱ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ፍልጥ እንጨት ይዞ ይመጣል፤ አንድ ብቻ፤ ሁለት ያመጣ እንደ ጉረኛ ይታያል። ፍልጡ ከመንደዱ በፊት ከምድጃው አጠገብ ይደረደራል፤ የትኛው የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ስም መጻፍ አያስፈልግም። የአናጢው እንደ ገበታ የለሰለሰ ነው። የወተት ሰብሳቢው ዘወትር እርጥብ ነው። የእህቴ ደግሞ መጥረቢያ የሚያስለቅስ ጉጥ ነው፤ ለስላሳውን ጥርስ ለሌላቸው ትቼላቸዋለሁ ትላለች። እሳቱ ሊለኮስ ሲል የአንድ ቤት ፍልጥ ከጎደለ፣ ማንም ማንንም ሳያዝ ሁለት ሰዎች ተነሥተው ሄደው ያን በር ያንኳኳሉ። ባለቤቱ ስንፍና ይዞት ከተገኘ ተጎትቶ መጥቶ መሳቂያ ይሆናል። ታሞ ከተገኘ ሾርባ ይሠራለታል፤ ከጠናበትም ሐኪም ይጠራለታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም ረጂ፣ ማንም ተረጂ ተብሎ አያውቅም፤ የሚፈለገው ፍልጡ እንጂ ሰውዬው አይደለምና። ዘፈኑም፣ ዳማውም፣ ሹራቡም፣ እኔ የምመካበት ንባብም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የዚያ ቆጠራ ማጀቢያ ነበሩ።

፬ኛ. ስለ አናጢያችን አመሰግናለሁ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ ከሰላምታ ያለፈ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ በሥራ ክፍሉ ውስጥ ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ቅዳሜ መጣ፣ ቅዳሜ አለፈ፤ የሚደረደር ስለሌለ የጎደለም አልነበረም፤ ዝምታውንም ያው ጠባዩ ነው ብለን ተውነው። ያወቅነው፣ ያልታለበች ፍየሉ ገመዷን በጥሳ መንገድ ላይ ወጥታ ስትጮኽ ነው። እርሱንም ሲጣራ ሲጣራ ድምፁ ተዘግቶ አገኘነው። ፈጣሪ ይመስገን ተርፏል፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ምርኩዝ ይዞም መሄዱ ያጠራጥራል። ልጁ ወደ ከተማ ወስዳዋለች፤ ቤቱም እንደ አዳራሹ ቁልፍ አግኝቷል። ሐኪሙ «ለምን ይህን ያህል ዘገያችሁ?» ብሎ የጠየቀንን ጥያቄ፣ መልሱ ከእኛ አቅም በላይ ስለ ሆነ፣ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ስለ አደጋው ከሰሙ በኋላ በወረቀት አሳትመው የላኩልንን የነፃ ስልክ ቁጥርም ሳላመሰግን አላልፍም። የወደቀ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለ ስልክ ለማንሣት በቅድሚያ መነሣት እንደሚኖርበት፣ ከተነሣ ደግሞ መደወል እንደማያስፈልገው ያስተዋለ ሰው በጽሕፈት ቤትዎ ባይገኝም፣ ወረቀቱ ባለ ቀለም ነው። በከተማ ባለው ዘመናዊ የአረጋውያን መዝናኛ እንድንጠቀም የመከሩንንም ምክር በደስታ ተቀብለናል፤ አውቶቡሱ ጭቃው ሲደርቅ፣ ማለትም ክረምቱ አልፎ መሰብሰብ ሳያሻን ሲቀር፣ እንሄዳለን።

፭ኛ. ስለ ቀጠሮዎ አመሰግናለሁ። ጉዳዩን በአካል ለማስረዳት እኔና ጫማ ሠሪው፣ የዳማው ሻምፒዮን፣ ከቢሮዎ ኮሪደር ተቀምጠን በጠበቅንበት ቀን፣ ጸሐፊዎ የሕዝብን ተሳትፎ ስለማሳደግ በሚመክር ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ገለጸችልን። ጫማ ሠሪው ሲወጣ፣ «ጋሼ፣ እኛ ስንሰበሰብ ይዘጋብናል፣ እነሱ ሲሰበሰቡ ይዘጉብናል» ብሎ ተናገረ። ይህ ሰው ስድስተኛ ክፍል ላይ በሰዋስው የጣልሁት ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን እንከን አልነበረበትም።

ቀጥሎ ያለውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልሁም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እህቴ ከወንዙ ማዶ፣ ከዳገቱ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ሰማንያን የተሻገረች ናት፤ እኔን ሽበታሙን እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ትለኛለች። ከእኔ ጋር እንድትኖር ስለምናት ኖሬ፣ በሰው ምድጃ አልሞቅም ብላ እምቢ አለችኝ። ጠያቂ ብልክባት «ልትቀብሩኝ መጣችሁ?» ብላ ታባርራለች። ቅዳሜ ግን በወተት ሰብሳቢው ጋሪ ላይ፣ ጉጧን ታቅፋ፣ ተጠያቂ ሳትሆን ጠያቂ ሆና ትወርድ ነበር፤ የአዳራሹ ምድጃ የሰው ምድጃ አይደለምና፤ የራሷም ነው። እኔም ጉጧን ከተደረደረው መካከል ባየሁ ቁጥር የሳምንት እንቅልፌን ይዤ እመለስ ነበር። አሁን ግን አዳራሹን ያዘጋው የእርሷ ቀልድ መሆኑን ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ከዳገቱ አልወረደችም።

በቅርቡ ጭጋጉ ቤቷን ከዐይኔ በጋረደው ጊዜ ወንዙ ዳር ድረስ ሄጄ ተጣራሁ። ጉልበቴ ከዚያ አያልፍም። ወንዙም ሞልቶ ስለ ነበር ድምፄን ዋጠው። «እትዬ!» እያልሁ እንደ ሕፃን ጮኼ፣ የጮኽሁትን ራሴም ሳልሰማው ተመለስሁ። በማግስቱ ወተት ሰብሳቢው በላይኛው ድልድይ ዞሮ ሄዶ መልእክቷን አመጣልኝ፦ «ለዚያ ልጅ አልሞትሁም በለው፤ ስሞት እልክበታለሁ።» እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ጋሪውን ሊያዞር ሲል ግን ቆም ብሎ፣ በሩን እንዳልከፈተችለት፣ ከውስጥ ሆና እንደ ተናገረች፣ ከጣሪያዋም ጭስ ሲወጣ እንዳላየ ነገረኝ። ጎረቤቶችን እንጨት አሸክሜ ላክሁባት። ከበሩ በስተጀርባ ሆና እያሳለች አመስግና መለሰቻቸው፤ እንጨቱንም መለሰችው። ክቡር ሆይ፣ እህቴ ሰውን አመስግና ስትመልስ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከሳሉ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው። ዳገቱ ከአሁን ወዲያ ለጋሪ የማይሆን በመሆኑ፣ ወተት ሰብሳቢውም ዝናቡ እስኪያባራ አይወጣም።

ስላቄን እዚህ ላይ ላቁመው። የምድጃው ጭስ ማውጫ ያረጀ መሆኑ እውነት ነው፤ እንጠርገዋለን፣ ቆርቆሮውን እንለውጣለን፣ አሸዋና ውሃ በባልዲ እናስቀምጣለን፤ እሳቱ ከእኔ ዐይን ለአንድ አፍታ አይለይም። ውጤት አልባ መሆናችንን በጽሑፍ እንድናረጋግጥ ከፈለጉ ሁላችንም እንፈርማለን፤ ጽሑፉን እኔ አርማለሁ። ያቺን ሴት ከዳገቱ የሚያወርዳት፣ ምድጃው መንደዱንና የእርሷ ፍልጥ መጉደሉን መስማት ብቻ ነው። ስለ ሌላ ስለ ምንም አይደለም፤ ስለ እርሷ ብለው ይክፈቱልን።

ከመክፈት ይልቅ መዝጋት ለሚቀናው ክቡርነትዎ ያለኝን የማይናወጥ አክብሮት እየገለጽሁ፣ በደጅዎ ቆሞ ከመቅረት በቀር ሌላ በር ያላገኘሁ፣ ጉልበቴ እንጂ አንደበቴ ያልደከመ፣ ትሑት ታዛዥዎ፣

ጡረተኛው የሰዋስው መምህር
ስለ ራሱ፣ ስለ ታላቅ እህቱና ማንም ሊያዳምጠው ስላልታደለው የዘፈን ቡድን

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዳራሹ እስከ መጪው ቅዳሜ ካልተከፈተ፣ እያንዳንዱ ቤት ፍልጡን አምጥቶ በጽሕፈት ቤትዎ ደረጃ ላይ እንዲደረድር ተስማምተናል። ያንድዱልን አንልም፤ ይቁጠሩልን ብቻ። የሁሉም ይመጣል፤ የእህቴ ይጎድላል፤ ይህን ከወዲሁ ስለ ነገርሁዎ አላወቅሁም ለማለት አይመችዎም። መኪናዎ ጭቃ የማይበግራት መሆኗን አይተናልና በላይኛው ድልድይ ይዙሩ። ልረዳሽ መጣሁ እንዳይሏት፤ ፍልጥ ጎደለብን ብቻ ይበሏት። ከሰደበችዎ ደስ ይበልዎ፤ ደኅና ናት ማለት ነው። ዝም ካለች ግን፣ ክቡር ሆይ፣ በሩን ይስበሩት።