ለዓመታት ከደጅ ያስቀደሱት የወይዘሮ ዝማሬ ሰብሃት የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዝማሬ ከአባታቸው ከአቶ ሰብሃት ገብረ ሥላሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሰው ኃይለሚካኤል በ1960 ዓ.ም በሺሺንዳ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ቦንጋ ተምረው በዋጫ ከተማ በታይፒስትነት ተቀጠሩ። ጣታቸው ማሽኑ ላይ ሲሮጥ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ይመስል ነበር ይባላል። በ1983 ዓ.ም ከአቶ ፍቅሩ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሊናንና ሳምሶንን ወለዱ። ኋላም በሥራ ዝውውር ኑሯቸውን ቦንጋ አደረጉ።

በ2005 ዓ.ም ግን ለሰው በማይነገር ቦታ እብጠት ወጣባቸው፤ ደምም ይታያቸው ጀመር። የወር አበባ የተዛባባቸው መስሏቸው፣ በደም ቤተ መቅደስ አይገባም ብለው ከደጅ ቀሩ። ለባለቤታቸውም ለንስሐ አባታቸውም ትንፍሽ ሳይሉ፣ በዚያ የቦንጋ ዝናብ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝግባ ሥር ቆመው ያስቀድሱ ነበር። ሰው ትሕትና ነው አለ። ሊና በተክሊል ስታገባ እንኳ እናት ውጭ ነበሩ፤ የልጃቸውን አክሊል አላዩም።

በ2012 ዓ.ም ሽንት ፈጽሞ እምቢ ሲላቸው የደረሱላቸው ጎረቤታቸው ባለሱቋ ወይዘሮ ዘይቱና ናቸው። ሁልጊዜ «እትዬ ዝማሬ፣ ዝናብ ሊጠጡ ነው እንዴ እዚያ የሚቆሙት?» እያሉ የሚቀልዱት ዘይቱና፣ ያን ዕለት «ከእኔ ጋር ደግሞ ምን መተፋፈር ነው! ይነሱ!» ብለው ባጃጅ ጠሩ።

ከቦንጋ ወደ ጅማ ሪፈር ተባሉ። ሐኪሟ መርምረው፣ በአልትራሳውንድም አይተው፣ ዕጢው ከማኅፀን ሳይሆን ከሽንት መውጫው ቧንቧ ጡንቻ የበቀለ፣ እምብዛም የማያጋጥም መሆኑን ነገሯቸው። ደሙም ከዚያው ነበር። በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ናሙናው ሲታይ ካንሰር አልነበረም። ንስሐ አባታቸው ይህን ሲሰሙ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ደዌ ነው፤ ምነው ብትነግሪኝ?» ብለው አለቀሱ። ወይዘሮ ዝማሬም ገብተው ቆረቡ።

ሆኖም ለዓመታት የታገደው ሽንት ኩላሊቶቻቸውን ጎድቶ ነበርና ሕክምናው ሊመልሳቸው አልቻለም። ቤተሰቡ ዛሬ «በኩላሊት ሕመም» ብሎ ብቻ ሊያልፍ ቢያስብም፣ እሳቸው ከማረፋቸው በፊት «ጉዴን እንዳለ አንብቡት፤ የምትሰማ ሴት አትጠፋም» ብለው ባለቤታቸውን አስምለው ነበር።

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። አቶ ፍቅሩን፣ ሊናንና ሳምሶንን፣ የልጅ ልጃቸውን ፀዲንም ትተውልን ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋግ እናቶች አጠገብ ያሳርፍልን። በመካከላችን ሕመሟን የደበቀች እኅት ካለች ግን፣ ከዚህ ቀብር መልስ ለአንድ ሰው ትንገር።