የአስራ አንድ ሰዓቷ ሪሃና

ሰኞ

ስልኩን አነሳችው። ወረቀቱን እያየሁ «ሄሎ፣ ሃው አር ዩ?» አልኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም። ከዚያ «አይ አም ፋይን፣ ኤንድ ዩ?» አለች፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። ቀናሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

የእንግሊዝኛው መምህር ተካ ተማሪው ስለበዛበት በመታወቂያ ቁጥር ሁለት ሁለት አድርጎ አጣምሮናል። የኔዋ ሪሃና ትባላለች፣ ከሌላ ሴክሽን ናት፣ አይቻት አላውቅም። ሕጉ ይኸው ነው፦ በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መደወል። ሴሚስተሩ ሲጀምር የተሰጠንን ያንኑ ንግግር፣ ወረቀት ማየት እስክንተው ድረስ መደጋገም። ጥሪውን ቀድቶ መላክ። የዛሬ ሳምንት ሁለታችንም አብረን ቀርበን መፈተን። ጠያቂዋ እኔ፣ መላሿ እሷ። አማርኛ ክልክል።

ይህን ኮርስ አንዴ ወድቄበታለሁ። ደግሜ ከወደቅኩ ግቢውን ተሰናበትኩ ማለት ነው። እማዬ ይህን አታውቅም። ሰፈራችን አቦከር ላይ ለወጣ ለገባው ሁሉ «ማሂዬ እኮ ዩኒቨርሲቲ ናት» እያለች ነው። ስሰማት ወደ ጓዳ እገባለሁ።

የዛሬ ድል፦ ሰባት ጥያቄ ጠየቅኩ፣ ሰባቱም ተመለሰ።

ማክሰኞ

ዛሬ ተሻልኩ። ሁለቱን ጥያቄ ወረቀት ሳላይ ነው የጠየቅኩት።

ሪሃና የሐረር ግንብ ጀጎል ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ከመኪና ግርግር ኋላ ነው የምትኖረው። ወረቀቱ ላይ «የት ትኖሪያለሽ?» የሚል ስላለ ነግራኛለች። እውነቷን ነው፣ የስፌት መኪናቸው ከጀርባዋ ይሰማል። እናቷ ነጋዴ ናቸው። «አይ አም ፋይን» ካለች በኋላ ሁለቴ ትስላለች፣ ትንንሽ ሳል፣ እህ እህ።

ስንጨርስ አላስቻለኝምና በአማርኛ «ሪሃናዬ፣ ጉንፋን ነው እንዴ?» አልኳት።

አልዘጋችውም፣ ትንፋሽ ይሰማኛል። ከዚያ ተዘጋ።

ኧረ ኩራት! ደንብ አክባሪ ናት ለካ።

ረቡዕ

በሬን ቆልፌ ነው የምጽፈው።

መምህር ተካ ዛሬ የማዳመጥ የቤት ሥራ ሰጠን። «የቀዳችሁትን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙ። ቃሉን ብቻ ሳይሆን የሰማችሁትን ሁሉ ጻፉ» አለ። ከዛሬው ጥሪ በኋላ ሦስቱንም ሰማሁ።

የሰኞው፦ ፋይን፣ ሳል ሳል፣ የስፌት መኪና። «እናቴ» ስትል ከሩቅ አዛን ይጀምራል።
የማክሰኞው፦ ፋይን፣ ሳል ሳል። «እናቴ» ላይ አዛን።
የረቡዑ፦ እንደዚያው።

ሦስት ቀን ሙሉ በአንድ ቃል ላይ አዛን ይገጣጠማል? ይሁን ልበል። ግን አስራ አንድ ሰዓት ላይ? እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን የሐረር ልጅ ነኝ፣ ቀኔን የምቆጥረው በአዛን ነው። ዙሁር ከስድስት በኋላ፣ የአስር ሶላት አስር ሰዓት ሳይሞላ፣ መግሪብ ጀንበር ስትጠልቅ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ በዚህ ከተማ አዛን የለም።

ታዲያ ከማን ጋር ነው የማወራው?

ሐሙስ

ፈተንኳት። የመጨረሻውን ጥያቄ መጀመሪያ ጠየቅኩ፣ «ሐረርን ትወጃታለሽ?» ብዬ። «አይ አም ፋይን፣ ኤንድ ዩ?» አለችኝ። ሳል ሳል። «የለበስሽው ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አልኩ። «ስሜ ሪሃና ነው።» «እየሰማሽኝ ነው?» «የምኖረው ጀጎል ነው።»

በእያንዳንዱ መልስ መካከል ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። ትንፋሽም አለ። ድምፁ የወጣት ነው። ትንፋሹ የሌላ ሰው ነው፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ።

ዘጋሁት። ከዚያ የእነሱን ሴክሽን ተጠሪ ፈልጌ አገኘሁት። «ሪሃና?» አለ። «ሁለት ሳምንት ተምራ ጠፋች እኮ። ሁለት ወር ሊሞላት ነው።»

እራት አልበላሁም። እማዬ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። «ፈተናው ነው» አልኳት።

አርብ

ክፍል ቀረሁና ጀጎል ገባሁ። ከፈረስ መጋላ አደባባይ በመኪና ግርግር ቁልቁል ወረድኩ። የጁምዓ ሶላት ሰዓት ስለሆነ ልብስ ሰፊዎቹ አንድም የሉም፣ መኪኖቹ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። ያ መንገድ ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም። የራሴ ጫማ ኮቴ አስደነገጠኝ። አንዲት ሎሚ ሻጭ ጠየቅኩ። «የሪሃና ቤት? ከኋላ፣ አረንጓዴው በር» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ማንኳኳት ሲገባኝ ደወልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ውስጥ ስልክ ጮኸ። «ሃው አር ዩ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«አይ አም ፋይን፣ ኤንድ ዩ?» በአንዱ ጆሮዬ ከስልኩ፣ በሌላው ጆሮዬ ከበሩ ጀርባ። ሳሉም ከሁለቱም በኩል መጣ።

በሩን ገፋሁት። አንዲት ሴትዮ መደቡ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በአንድ እጃቸው ስልክ፣ በሌላው ሜሞሪ የሚገባበት ትንሽ ሬዲዮ። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው።

«ከግቢ ነሽ?» አሉ። «ወላሂ፣ ስሟን እንዳትሰርዙብኝ ብዬ ነው!»

እትዬ ሰዓዳ ይባላሉ፣ እናቷ ናቸው። ሪሃና በደላላ ዓረብ አገር ሄዳለች፣ ሳትነግራቸው። ስልኳን ትታላቸው ነው የሄደችው፣ ደላላው አትያዢ ብሏት። ድንበር ላይ ሆና አንዴ ደወለች፣ ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። ከመሄዷ በፊት ግን ለዚህ ለተረገመ ንግግር ስትለማመድ የራሷን መልስ ሜሞሪ ላይ ቀድታው ነበር።

«እሱን ስሰማ ነው የምውለው» አሉኝ። «ሰኞ ዕለት አንቺ በእንግሊዝኛ ስትመጪ ግቢው ነው ብዬ ደነገጥኩ። ዝም ካልኩ የለችም ይሏታል። አንቺ ዝም ስትዪ እኔ እጫናለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ያ ረቢ፣ ምን ላድርግ ልጄ?»

አለቀስን። ከዚያ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስለ ማርኬ አሰብኩ። እሷ ከተሰረዘች እኔም ጥንድ የለኝም። «እስከ ሰኞ እንቀጥል፣ የፈተናውን ያኔ አስባለሁ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። «እንግሊዝኛ ሲመጣ ሬዲዮውን ይጫኑ።» እጄን ሳሙኝ፣ አፈርኩ።

ቅዳሜ

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩ፣ ሰባቱን ጨረስን። ከዚያ እትዬ ሰዓዳ በራሳቸው ድምፅ መጡ። «ዛሬ ሁለቴ ለምን ደከምሽ ልጄ?»

«እኔ አንዴ ነው የደወልኩት።»

«ሰባት ሰዓት ላይስ? እንግሊዝኛ ስሰማ አንቺ ነሽ ብዬ ሬዲዮውን ከፈትኩልሽ።»

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ሪሃና ስልኳን ጥሪ ሁሉ እንዲቀዳ አድርጋ ነው የተወችው። የሰባት ሰዓቱን ጥሪ ፈለግኩት፣ ቁጥሩ የውጭ አገር ነው። እትዬ ሰዓዳ ቁጥር አያነቡም። ከፈትኩት።

ሴት ናት፣ ድምጿ የደከመ፣ እንግሊዝኛዋ ፈጣን። የሪሃና ቤተሰብ ናችሁ ወይ ትላለች።
«አይ አም ፋይን፣ ኤንድ ዩ?» ሳል ሳል።
ማን ነው የሚያናግረኝ ትላለች።
«ስሜ ሪሃና ነው።»
ሴትዮዋ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሰው የሚሰማት ያህል ፈርታ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ስምንት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። «አይሆንም። ሪሃና እዚህ ፊት ለፊቴ ናት።»
«የምኖረው ጀጎል ነው» አለ ሬዲዮው።
ተዘጋ።

ፊት ለፊቴ ናት። በሕይወት? ሬሳዋ? ሌላ የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ሆስፒታል። እትዬ ሰዓዳ አፍ አፌን ያያሉ። «ምን አለች? ምን አለች ልጄ?» ሆስፒታል መሆኗን ነገርኳቸው። ሌላውን አልቻልኩም።

መልሰን ደወልን፣ አይነሳም። ሬዲዮው የተጫነው እኔ ባልኩት ነው። እኔ ባላስቀጥላቸው ኖሮ ሴትዮዋ አትፈራም ነበር፣ አትዘጋውም ነበር።

እሁድ

አምስት ሰዓት ሳይሞላ እትዬ ሰዓዳ ዘንድ ደረስኩ። ሬዲዮውን አጠፋሁት፣ ሜሞሪዋን አውጥቼ በእጄ ጨበጥኳት። እንደዚያ ካላደረግኩ የገዛ ጆሮዬን አላምነውም።

በአራተኛው ሙከራ ተነሳ። ያቺው ሴትዮ። ወረቀቱ ላይ ያለው አንዱም አልረዳኝ። በራሴ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገርኩ፦ ትናንት የሰማሽው ሬዲዮ ነው፣ ሰው አይደለም፣ እናቷ አጠገቤ ናቸው፣ እባክሽ አትዝጊ። «እባክሽ አትዝጊ» የሚለውን ሦስቴ አልኩት። ሴትዮዋ ፈጥና መለሰች፣ አልገባኝም። «ቀስ በዪልኝ» አልኩ። ቀስ አለች፣ ገባኝ! ነርስ ናት። ሪሃና ከመጣች ጀምሮ ቃል አልተናገረችም፣ ቁጥሩን ልብሷ ውስጥ ነው ያገኙት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ላድርገው አለችኝ።

ድምፁን ለሁለታችን ከፈትኩት። አንድ ማሽን ቲክ ቲክ ይላል። እትዬ ሰዓዳ «ሪሃናዬ» አሉ። ምንም። ደግመው ጠሯት። ምንም።

ከዚያ ሳል፣ ሁለቴ።

ሬዲዮውን አየሁት፣ ጠፍቷል። ቀጥሎ የሚመጣውን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ሳምንት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። እሱ አልመጣም። «እማዬ» የሚል መጣ፣ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ። የሬዲዮዋን ድምፅ በፍጹም አይመስልም። ከጀርባው ደግሞ ከሩቅ አዛን ጀመረ። መስመሩ ተቋረጠ።

እትዬ ሰዓዳ ክንዴን ያዙኝ። «እሷ ናት? ወይስ ያ ሬዲዮ ነው? ንገሪኝ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

እጄን ከፈትኩላቸው። ሜሞሪዋ መዳፌ ላይ አለች። ስልኩ ላይ ሰዓት አየሁ፣ አምስት ከሩብ ነው። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። የሐረር ዙሁር ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል፣ ከተማው ጸጥ ብሏል።

«እሷ ናት» አልኳቸው። «ያለችበት አገር ላይ ቀትር ሆኗል፣ አዛኑ የእዚያ ነው።»

ነገ ብቻዬን ገብቼ እውነቱን ለመምህር ተካ እነግረዋለሁ። ቢጥለኝም ይጣለኝ። አሁን ግን እየደወልን ነው፣ ይጠራል።