ታጥቦ የሚመለስ ምሳ ዕቃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5፣ ጠዋት
ሽሮ፣ ትንሽ ጎመን። እስር ቤቱ በር ላይ የዛሬውን ሰጠሁ፣ የትናንቱን ባዶ ዕቃ ተቀበልኩ። እስረኛ ማየት ክልክል ነው፤ ስንቅ ብቻ ይገባል። ባዶው ከተመለሰ ልጄ ደረጀ አለ ማለት ነው። «ከእንግዲህ አታምጪ» የተባለች እናት እርሟን ታወጣለች። እኔ አልተባልኩም። የበር ጠባቂው ይሥቃል። «እማማ፣ ልጅዎ ይበላል እንጂ አይጠግብም።» እርግማኔን ዋጥኩ። ደብተሬ፣ ላንተ ነው የምተፋው። በስተርጅና ፊደል መቁጠሬ ለዚህ ጠቀመኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 7
ሰናይት ከፋብሪካ ደስ ብሏት ገባች። ይህቺ ልጄ ቡልጋሪያ ተምራ፣ ፓምፕን ለሚያዝዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ትእዛዝ ትጽፋለች። ውስጡ እንደ ቀበሌያችን የቤት ቁጥር አለ አለችኝ። አብዛኛው ቤት መጋዘን ነው፤ ያስቀመጥሽውን ታገኛለሽ። ከአንዳንዱ ቤት ጀርባ ግን ፓምፑ አለ። እዚያ ቁጥር ላይ ስትጽፊ ፓምፑ ይሰማል፤ ስታነቢ የሚመልሰው እሱ ራሱ ነው። ዛሬ ጽፋ አነበበች። መለሰ። ፓምፑ ተገናኘ ብላ ለአለቃዋ ነገረች።

ዓርብ፣ ጥቅ. 9፣ ማታ
አመድ መስላ ገባች። እራት አልቀመሰችም። ለካ ሽቦው ከፓምፑ ጋር አልተያያዘም፤ ወለል ላይ ተጥሎ ነበር። ታዲያ ማን መለሰልሽ አልኳት። ማንም፣ አለች። የጻፈችው ሽቦው ላይ ጥቂት ይቆያል። ቶሎ ካነበበች የራሷን ቃል መልሳ ታገኛለች፤ መልስ ይመስላል።
ሌሎች ደርሰውበት አሻጥር ነው ሳይሏት፣ ነገ ራሷ ትነግራቸዋለች። እውነተኛውን መልስ እንዴት ትለዪዋለሽ አልኳት። ፓምፑ ብቻ የሚያውቀውን እጠይቃለሁ አለች።
ምሳ ዕቃውን አየዋለሁ። ያብለጨልጫል። ደረጀ ሳህን አጥቦ አያውቅም። ከመቼ ጀምሮ ነው ታጥቦ የሚመለሰው?

እሑድ፣ ጥቅ. 11
ሰናይት ነገረቻቸው፤ ተቆጥተው ተዉአት፣ አላሰሯትም። ተመስገን።
የቆቃ ዓሣ ገዛሁ። ደረጀን በሕፃንነቱ የዓሣ አጥንት አንቆት ሊሞትብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓሣ በተጠበሰበት ቤት አይቀመጥም። ቢርበው እንኳ እንጀራውን በልቶ ዓሣውን ይመልሳል። ሰናይት ገባት። «እማዬ፣ ተይው» አለች። ወሰድኩት።

ሰኞ፣ ጥቅ. 12
ዓሣው የለም። ዕቃው ታጥቧል። አጥንቱ ግን ውስጡ አለ፤ ተግጦ፣ ታጥቦ፣ ከራሱ እስከ ጭራው እንደነበረ ተደርድሮ። ጠባቂው ክዳኑን ከፍቶ እንኳ አላየም። ክዳኑን ገጥሜ ወደ ቤት ተመለስኩ። ጸሐዩ ያቃጥላል።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 13፣ ጠዋት
ሰናይት ጥቁር እንልበስ አለች። እምቢ። አታምጪ አልተባልኩም። የራሱ እናት ያመጣችለት ይመስል የልጄን ስንቅ የሚበላ፣ ሳህን የሚያጥብ ሰው ከግድግዳው ጀርባ አለ። ጠልቼዋለሁ። ደረጀን ሳያውቀው አይቀርም።
ጎመኑ በስሏል። ደብተሬ፣ እስከ ዛሬ ካንተ በቀር ለማንም ጽፌ አላውቅም። ከጥግህ ብጣሽ ቀደድኩ። ከተያዘ እኔም አልመለስ ይሆናል። እንጀራው ሥር አደርገዋለሁ። ሁለት ቃል ነው፦ አንተ ማነህ