የት እንደምታድሩ

ውድ ወንድሜ አንተነህ፣

የላክኸው ዝርዝር ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። አልጠፋብኝም። ጠዋት ቢሮ ስገባ እከፍተዋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ እከፍተዋለሁ። የባለጉዳዩ ወረፋ ሲሳሳ ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር አድርጌ እንደገና አነበዋለሁ። ሦስት ሌሊት አዲስ አበባ፣ ሦስት ሌሊት ጮቄ ተራራ ሥር፣ ሁለት ሌሊት ደብረ ማርቆስ። ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ማረፊያ ጽፈሃል፤ ከአልጋው ብዛት እስከ ሙቅ ውኃው። ከታች ደግሞ፦ «የብርጓል፣ አገሩን አንቺ ታውቂዋለሽና ምረጪልን። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልያዝን ካታሪና የጣልያንን ተራራ ልትይዝ ነው።»

የቀረው አምስት ቀን ነው።

አዲስ አበባን መምረጥ አይከብድም። ከሁለቱ ጸጥ ያለውን ያዙ፤ ልጃችሁ ዜማ ከበረራው ደክማ ነው የምትደርሰው። ጮቄም አይከብድም። ጉሙ ሳይነሣ መራመድ ስለምትወዱ ወደ ላይ ጠጋ ያለው ይሻላችኋል፤ ብርዱ አጥንት ይገባልና ወፍራም ካልሲ ያዙ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት አያስፈልግም ነበር። እጄን የያዘው ከደብረ ማርቆስ ጎን ያሰፈርሃት አንዲት መስመር ናት፦ «አባየን ግን አታስቸግሪው፤ ያን ጊዜም እንደማይመቸው ነግሮሻል።»

አልነገረኝም።

ይኸው ጻፍሁት። አሁን ወደ ኋላ መመለስ አልችልም፤ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ኅዳር 2011 ነው። ያን ጊዜም የጻፍህልኝ ስለ እግር ጉዞና ስለ ከተማ ዕረፍት ነበር። ካታሪና አገርህን በእግሯ ማየት እንደምትፈልግ፣ ዜማ አራት ዓመት እንደሞላት። «አባየን ጠይቂልኝ። የማንከብደው ከሆነ ሁለቱን ሌሊት ቤት እናድራለን፤ ካልሆነ ማርቆስ ላይ ሆቴል ፈልጊልን» አልህ። አንተ ባለህበት አገር ሰው እናቱ ቤት ለመሄድም አስቀድሞ እንደሚጠይቅ አንተው ነግረኸኛል። ጨዋነት ነው። እኔም ጨዋነቱን ብቻ አየሁና ቅዳሜ ተሳፍሬ አምበር አባታችን ቤት ሄድሁ።

አባየ አውድማው ላይ ስንዴ ሲያዘራ ደረስሁ። ከስልኬ ላይ አነበብሁለት።

«ድገሚው» አለኝ።

ደገምሁት።

«የማንከብደው ከሆነ ነው የሚለው?»

«አዎ። መጠየቅ ይሻላል ብሎ ነው እኮ አባየ።»

«አንተነህ ነው ይህን ያለው? የኔው አንተነህ?»

«እሱው ነው።»

ነፋሱን ጠበቀ። ነፋሱ ሲመጣ ላይዳውን አነሣና ማዝራቱን ቀጠለ። እብቁ ፊቴ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ቆሜ ነበር። ራት ላይ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ፣ ወደኔ ሳያይ፣ «ልጅ ላባቱ ቤት ደጅ ይጠናል?» አለ።

መልሱ ይህ ነበር። በአባየ አፍ ከዚህ የበለጠ «ይምጣ» የለም። አንተ ብትኖር አንገትህን ደፍተህ ትሥቅ ነበር፤ በማግስቱም ሻንጣህን ይዘህ ትገባ ነበር። እኔም ገብቶኛል። በዚያው ማታ ገብቶኛል። ሰባት ዓመት ያልነገርሁህ ይህን ነው።

ከራት በኋላ ቤቱን በካታሪና ዓይን አየሁት። ዓይኗን ከፎቶ በቀር አላውቀውም፤ ግን ተዋስሁትና አየሁበት። ጥጆቹ ከአጠገባችን ይተነፍሳሉ። መደቡ ቁንጫ አለው። ከጣሪያው ጥላሸት ይረግፋል። መጸዳጃው ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። እማየ ከሞተች ወዲህ ግድግዳውን የለቀለቀው ሰው የለም። አፈርሁ። በቤቱ እንጂ በአባየ አላፈርሁም ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ጽፌም ሰረዝሁት። በአባየ ነው ያፈርሁት።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ «አባየ አይመቸኝም ብሏል፤ ሆቴሉ ይሻላችኋል» ብዬ ላክሁልህ። ለመጻፍ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም።

«እሺ፣ ገባኝ» ብለህ መለስህ።

ምን እንደ ገባህ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ለአባየ ለመንገር ግን ፈራሁ። ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እንደምንም ብዬ ስሄድ ግቢው ሌላ ሰው ግቢ መሰለኝ። ዋንዛው የለም። እማየ ከሥሩ እህል የምታሰጣበት፣ አንተ ከቅርንጫፉ ወድቀህ ክንድህን የተሰበርህበት ዋንዛ። ጉቶው ላይ አናጢው አወቀ ተቀምጦ ጠላ ይጠጣል።

«ነይ እስቲ የብርጓል፣ አባትሽ ያሠሩኝን ጉድ እይ» አለኝ።

አስገብቶ አሳየኝ። እልፍኙ ውስጥ አልጋ ቆሟል። እንዲያ ያለ አልጋ አይቼ አላውቅም፤ ከግድግዳ ግድግዳ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«ስንት ክንድ ላድርግልዎ ስላቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? የፈረንጅ ሴት ስንት ክንድ ናት?» አለና ሣቀ።

«አናጢው አንተ አይደለህ? አንተ ነህ እንጂ የምታውቅ» አለ አባየ ከበስተኋላችን።

«ኧረ እኔ ፈረንጅ ለክቼ አላውቅም ጋሽ መንበሩ።»

«ለዚህ ነው አስረዝመው ያልሁህ። ቢተርፍ ልጅቱ ከግርጌ ትተኛበታለች።»

አምስት ክንድ ሆነ። ደጅ ገጥሞት በበሩ አልገባ ቢለው አወቀ መልሶ ፈትቶት፣ እንጨቱን አንድ በአንድ አስገብቶ ነበር ውስጥ የገጠመው። «እንግዲህ ቤቱ ካልፈረሰ አይወጣም» አለ፣ ጎኑን በመዳፉ እየመታ።

እኔ የመጣሁት «ሆቴል ይዘዋል» ልል ነበር። አልሁት። አልጋው ፊት ቆሜ አልሁት።

አወቀ ሣቁን አቆመ።

«እንዲያ ነው?» አለ አባየ። ከዚያ ወጥቶ የአወቀን ዋንጫ አነሣና ጠላ ጨመረለት።

ያን ቀን ልደውልልህ እችል ነበር። ገና ሦስት ሳምንት ነበረን፤ ሆቴሉን መሰረዝ የአንድ ስልክ ሥራ ነው። ስልኩን አንሥቼ አስቀመጥሁት። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የዋሸሁትን መናገር ነበረብኝ። ያን ማድረግ አቃተኝ። ቀኑ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ሆነ።

በጥር መጣችሁ። ማርቆስ ላይ ሆቴል አደራችሁ። ጮቄን ወጣችሁ፤ ካታሪና እያንዳንዱን የጅብራ ተክል እየዳሰሰች ፎቶ ታነሣ ነበር። ደስ ብሏት ነበር። አምበር የመጣችሁት በአምስተኛው ቀን ነው፤ ለምሳ። ሹፌሩ መኪናውን ወደ መውጫው አዙሮ ጠበቃችሁ።

አንተ በሩ ላይ ቆመህ «እንግባ?» አልህ።

አባየ «ግቡ» አለ። እንደ ወረዳ እንግዳ አንቱ እያለ አስቀመጣችሁ። ለካታሪና አዲስ ቁርበት ተነጠፈላት። ወንበሩን ላንተ ሰጠህ። አንተ ደግሞ ከመቀመጥህ በፊት «እዚህ ጋ ልቀመጥ?» ብለህ ጠየቅኸው። አስታውሳለሁ፤ አባየ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

ስንበላ ዜማ የእልፍኙን መጋረጃ ገልጣ ገባች። ትንሽ ቆይቶ ሣቋ ተሰማ። አልጋው ላይ ወጥታ ትዘላለች። ብድግ ብለህ ሄድህና «ዜማ፣ ውረጂ። የሰው አልጋ ነው» አልሃት። በአማርኛ ነበር ያልሃት። እናንተ ቤት በአማርኛ እንደማትቆጣት አውቃለሁ፤ አባየ ሥርዓት እንዳስተማርሃት እንዲሰማልህ ነው።

አባየ ሰማህ።

«ተዋት፣ ትዝለል» አለ።

አንተ ግን አቅፈህ አወረድሃት።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ መስኮቱን እያየህ፣ «አባየ እንደ እንግዳ ነው የተቀበለኝ» አልኸኝ። እሑድ ብቻዬን ስሄድ ደግሞ አባየ «እንደ እንግዳ መጣ፣ እንደ እንግዳ ሄደ» አለኝ። የሁለታችሁንም ሰማሁ። ለሁለታችሁም ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቀዋለህ። መጀመሪያ ወረርሽኙ መጣ፤ ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ። ስልክ ሲገኝ «ደህና ነህ አባየ?» ትለዋለህ፤ «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን፤ ልጅቱስ?» ይልሃል። «ደህና ናት።» ከዚያ ስልኩ ወደ እኔ ይመለሳል። ሰባት ዓመት ሙሉ የተነጋገራችሁት ይህን ነው። እኔ ስልኩን ይዤ ከመካከል እቆማለሁ።

አሁን የአባየ ግራ ዓይን አያይም። ቀኙም ጥላ እንጂ መልክ አይለይም። ሐኪም ቤት ልውሰድህ ስለው «ይደረስበታል» ይለኛል። ዛሬም የሚተኛው መደቡ ላይ ነው። አልጋው እንደ ቆመ አለ። እህል አይቀመጥበትም፣ ልብስ አይጣልበትም። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ መደቡ ሲርስ፣ እስኪደርቅ ድረስ አልጋው ላይ ተኛ ብዬ ለመንሁት።

«ባለቤት አለው» አለኝ።

እንግዲህ ያንተ ዝርዝር የደረሰኝ ይህ ሁሉ ባለበት ነው። «አታስቸግሪው» የምትለዋ መስመር። ወንድሜ፣ ላንተ ከመጻፌ በፊት ለእሱ መናገር እንዳለብኝ ገባኝ። ባለፈው እሑድ ሄድሁ።

ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«አባየ፣ ያን ጊዜ ሆቴል የያዘው አንተነህ አይደለም። እኔ ነኝ። አንተ አይመቸኝም እንዳልህ አድርጌ ጻፍሁለት።»

አንዲት ዶሮ በእግራችን መካከል አልፋ ቤት ገባች፤ ተመልሳ ወጣች።

«አፍረሽብኝ ነው?» አለ።

«አዎ።»

እጄን ምን ላይ እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

«ቁንጫውስ ነበረ» አለ።

ከዚያ በቀር ስለ እኔ ምንም አላለም። ማለት የነበረበት ብዙ ነገር ነበረ። እየጠበቅሁት ነው፤ ዛሬም እየጠበቅሁት ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ፣ «እኔስ? ና ማለት ምን ይከብዳል? አንዲት ቃል ናት» አለ። ወዲያው ደግሞ፦

«ልጅቱ አሁን ስንት ክንድ ሆናለች?»

«አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ክንዷን አላውቅም።»

ግድግዳውን እየዳሰሰ ተነሣ። ተከተልሁት። መጋረጃውን ገለጠና ከአልጋው ራስጌ ጀምሮ ክንዱን እያጋደመ ለካው። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ተሳሳተና ከራስጌው ጀመረ። እስኪጨርስ አላገዝሁትም። ግርጌው ሲደርስ እጁን እንጨቱ ላይ እንዳሳረፈ፣

«ለሦስታችሁ ይበቃል በይው» አለ። «እንዳይጠይቀኝም ንገሪው።»

ስለዚህ መርጫለሁ። አዲስ አበባ ጸጥ ያለውን፣ ጮቄ ከላይ ያለውን። ለሁለቱ ሌሊት ማርቆስ ላይ የያዝሁልህ ቦታ የለም። አልይዝምም።

ከጮቄ ስትወርድ ቀጥታ ወደ አምበር ና። አስቀድመህ አትደውልለት። በሩ ላይ አትቁም፣ «እንግባ?» አትበል። ሻንጣህን አልጋው ላይ ጣለው፤ የመጣሉ ድምፅ ይሰማው። ወንበሩ ላይ ሳይሆን አጠገቡ መደቡ ላይ ተቀመጥና ራበኝ በለው። ለካታሪናም አስረዳልኝ፤ አገርህን በእግሯ ካየች በጀርባዋም ተኝታ ትየው። መጸዳጃው አሁን በር አለው፤ አወቀ ሠርቶታል። ለቁንጫው ግን ቃል አልገባም። ዜማ ከፈለገች ትዝለል።

በእኔ ብትቆጣ ልክ ነህ። ተቆጣኝ፤ ግን በስልክ አይሁን። እዚያ ቤት ገብተህ፣ እሱ እየሰማ ተቆጣኝ።

መንገዱ በዚያ ሰሞን ክፍት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ከሆነላችሁ ኑ። ካልሆነላችሁ ጣልያን ሂዱ፤ አልቀየማችሁም። ግን አምበር ላይ አምስት ክንድ አልጋ እንዳለህ፣ በበሩም እንደማይወጣ እያወቅህ ሂድ።

ሆቴል ያልያዘችልህ እኅትህ፣
የብርጓል መንበሩ
ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.